የድራይቭዌይና የፓቲዮ እጥበት ሥራ ለመጀመር የትኛው ማሽን ይገዛል?

የብርዱ ወራት አልፎ ኤፕሪል ሲገባ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች የዛፍ ብናኝ መኪናውንም ደጃፉንም ቢጫ ያለብሰዋል። ፀሐይ የማያገኘው የቤቱ የሰሜን ወገን ደግሞ ብርዱንና እርጥበቱን አሳልፎ አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ ይዞ ብቅ ይላል። የቤት ባለቤቶች ድራይቭዌይ የሚባለውን የመኪና መግቢያና ፓቲዮ የሚባለውን የጓሮ ንጣፍ የሚያጥብላቸው ሰው መፈለግ የሚጀምሩት በዚህ ጊዜ ነው። በታክሲ፣ በኡበርና በፓርኪንግ ሥራ ዓመታት ካሳለፉት ወገኖቻችን መካከል ይህን ሥራ በግል ለመጀመር የሚያስቡ ጥቂት አይደሉም፤ መነሻ ካፒታሉ ከምግብ ቤት ወይም ከጭነት መኪና ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነውና።

ችግሩ የሚጀምረው ሱቅ ከተገባ በኋላ ነው። ውሃን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩት፣ ፕሬሸር ዋሸር የሚባሉት የእጥበት ማሽኖች ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው የግፊት ቁጥር ስለሆነ ገዢው በዚያ ቁጥር እየመረጠ ይገዛል፤ በሥራው ላይ ግን ጊዜንም ገቢንም የሚወስነው ብዙውን ጊዜ በትንሹ የሚጻፈው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ፣ ሌሎቹ ዕቃዎች ከእነሱ ጋር እንዴት እንደሚገጣጠሙና ከማሽኑ ውጪ ምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

ግፊት ምንድን ነው? የፍሰት መጠንስ?

የመጀመሪያው ቁጥር ፒኤስአይ ይባላል። ውሃው በአንድ ኢንች ካሬ ስፋት ላይ የሚያሳርፈው ኃይል በፓውንድ ሲለካ ማለት ነው። በአውሮፓ ማሽኖች ላይ ይኸው ልክ በባር ይጻፋል፤ አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ያህል ነው። ሁለተኛው ቁጥር ጂፒኤም ሲሆን ማሽኑ በአንድ ደቂቃ የሚያወጣው ውሃ በጋሎን ስንት እንደሆነ ይነግረናል። አንድ የአሜሪካ ጋሎን 3.8 ሊትር ገደማ ነው።

መሬት የሚቆፍር ሰው ዶማም አካፋም ያስፈልገዋል። ዶማው አፈሩን ከያዘው ቦታ ያላቅቀዋል፣ አካፋው የተላቀቀውን ያነሳል። ግፊቱ ዶማው ነው፣ የውሃው መጠን ደግሞ አካፋው። ስለታም ዶማ ይዞ አካፋ የሌለው ሰው በራሱ አፈር መሃል ቆሞ እንደሚቀር ሁሉ፣ ግፊቱ ከፍተኛ ሆኖ ውሃው ጥቂት የሆነ ማሽን ቆሻሻውን ይፈነቅለዋል እንጂ ጠርጎ አይወስደውም፤ ሠራተኛውም ያንኑ ጭቃ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ሲገፋ ይውላል።

በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁለቱን ቁጥሮች አባዝተው ማሽኖችን ያወዳድራሉ። 3,400 ፒኤስአይና 2.5 ጋሎን የሚል ማሽን 8,500 ይሰጣል። 4,000 ፒኤስአይና 4 ጋሎን የሚለው 16,000 ይሰጣል። በግፊት ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ሁለተኛው ጥቂት የሚበልጥ ይመስለዋል፤ በሥራ አቅም ግን ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ከዚህም በላይ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የእነዚህ ማሽኖች ፓምፕ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው ውሃ የተወሰነ ነው፤ ግፊቱ የሚፈጠረው ያ ውሃ ኖዝል በሚባለው የመውጫ ጫፍ ጠባብ ቀዳዳ እንዲያልፍ ስለሚገደድ ነው። በዚህም ምክንያት ውሃው ብዙ የሆነ ማሽን ያለው ሰው ሰፋ ያለ ኖዝል በመግጠም ብቻ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ ይችላል። ውሃው ጥቂት የሆነ ማሽን የገዛ ሰው ግን በምንም ዘዴ ውሃውን ሊያበዛው አይችልም። በኖዝሉ ላይ የታተመው የመጠን ቁጥር በ4,000 ፒኤስአይ ግፊት በደቂቃ ስንት ጋሎን እንደሚያሳልፍ ይገልጻል፤ ስለዚህ በደቂቃ 4 ጋሎን በሚገፋ ማሽን ላይ ቁጥር 4 ሲገጠም ግፊቱ 4,000 ይሆናል፣ ቁጥር 5 ሲገጠም ወደ 2,560 ይወርዳል። ኖዝል በአገልግሎት ብዛት ቀዳዳው እየሰፋ ስለሚሄድ «ማሽኑ ደከመ» ተብሎ ወደ ጥገና የሚወሰደው ብዙ ጊዜ በጥቂት ዶላር በሚገዛ አዲስ ኖዝል የሚድን ነው።

የኖዝሉ ቀለም ደግሞ ውሃው የሚበተንበትን ማዕዘን ያሳያል። ቀዩ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ስለሚወጋ በመኖሪያ ቤት ሥራ ላይ ቦታ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 25፣ ነጩ 40 ዲግሪ ሲሆኑ ጥቁሩ በዝቅተኛ ግፊት ሳሙና ለመርጨት ነው።

ታዲያ ለጀማሪ ስንት ይበቃዋል?

በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት በደቂቃ 4 ጋሎን የሚሰጥና እስከ 4,000 ፒኤስአይ የሚደርስ በቤንዚን የሚሠራ የቀዝቃዛ ውሃ ማሽን ለመኖሪያ ቤት ሥራ ትክክለኛው መነሻ ነው። ከዚህ ያነሰው ቀኑን ያስረዝማል፤ ከዚህ የበለጠው፣ በተለይ በደቂቃ 8 ጋሎን የሚጠጣው፣ ታንከርና ተጎታች ጋሪ አስከትሎ ስለሚመጣ ደንበኛ ላላፈራ ሰው ዕዳ ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ለምን አይሆንም የሚል ጥያቄ ይነሳል። የአሜሪካ ቤት ተራ ሶኬት 120 ቮልትና 15 አምፒር ስለሆነ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል ቢበዛ 1,800 ዋት ነው። ይህ ኃይል በደቂቃ ከ1.5 ጋሎን ባልበለጠ ውሃ ላይ መጠነኛ ግፊት ለመፍጠር ይበቃል እንጂ የመኪና መግቢያ ሙሉ ቀን አያጥብም። የራስን መኪና ለማጠብ ግን ጥሩ ዕቃ ነው።

በቤንዚን ማሽኖች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በአብዛኛው የሚመጣው ከፓምፑ ነው። በርካሾቹ ላይ የሚገጠመው አክሲያል የሚባለው ፓምፕ ለቤት ባለቤት በዓመት ጥቂት ሰዓት እንዲሠራ የታሰበ ነው፤ ሲበላሽም ከማስጠገን ሌላ መግዛት ይቀላል። ትሪፕሌክስ የሚባለው፣ ሦስት ፕለንጀር፣ ማለትም ውሃውን የሚገፉ ዘንጎች ያሉት ፓምፕ ግን ጎሚኒውና ቫልቩ እየተቀየረለት ዓመታት ያገለግላል። ካት፣ ጄኔራል ፓምፕ፣ ኤአርና ኮሜት በዚህ ዘርፍ የታወቁ ስሞች ናቸው። ከ4 ጋሎን ፓምፕ ጋር ብዙ ጊዜ ተጣምሮ የሚሸጠው ሞተር 389 ሲሲ የሆነው የሆንዳ ጂኤክስ390 ነው፤ መለዋወጫው በየቦታው መገኘቱ ከጉልበቱ እኩል ዋጋ አለው።

ፓምፑ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ከሆነ ሞተሩ በሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ ወደ 3,400 ዙር ይሽከረከራል። በቺንጋ የተያያዘው ግን በግምት በግማሹ ፍጥነት ስለሚዞር ሙቀቱም ንዝረቱም ያነሰ ነው፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ቺንጋ ያለው ይከብዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ለሚሠራ ጀማሪ በቀጥታ የተያያዘው ይበቃዋል።

የደንበኛው ቧንቧ ለዚህ ሁሉ ውሃ ይበቃል?

ይህ ጥያቄ ከማሽኑ ግዢ በፊት ቢነሳ ይሻላል፤ ሥራው የሚሠራው በራስ ውሃ ሳይሆን ከደንበኛው ቤት ግድግዳ ላይ ባለችው ቧንቧ ነውና። መለኪያው 5 ጋሎን የሚይዝ ባልዲና የስልክ ሰዓት ብቻ ነው። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ባልዲው በ60 ሰከንድ ከሞላ በደቂቃ 5 ጋሎን ይመጣል፤ 75 ሰከንድ ከፈጀ 4 ጋሎን ነው፣ ማለትም ለ4 ጋሎን ማሽን ምንም ትርፍ የለውም። መለኪያው የሚያዘው ማሽኑ በሚጠቀምበት የውሃ ጎማ ጫፍ ላይ መሆን አለበት፤ ረጅምና ቀጭን ጎማ በራሱ ውሃ ይቀንሳልና።

ፓምፑ የሚፈልገውን ያህል ውሃ ካላገኘ አየር ይስባል። ድምፁ ይለወጣል፣ መርጫው በእጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ውስጡም እየተበላ ይሄዳል። በከተማ ቧንቧ ላይ ይህ ብዙም አያጋጥምም፤ እንደ ቨርጂኒያው ላውደን ካውንቲ ምዕራባዊ ክፍል ባሉ የጉድጓድ ውሃ በሚጠቀሙ አካባቢዎች ግን የተለመደ ነው። መፍትሔው ውሃውን መጀመሪያ በአነስተኛ ታንከር አጠራቅሞ ፓምፑን ከታንከሩ ማጠጣት ነው። እዚህ ላይ ክብደቱን ማስላት ይገባል፦ 100 ጋሎን ውሃ ብቻውን 834 ፓውንድ፣ ወይም ወደ 378 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ብዙዎች በሚያሽከረክሯት ሲዬና በምትባለው የቶዮታ መኪና ላይ ከመጫን በፊት የመኪናዋን የመጫን አቅም ማየት ያስፈልጋል።

ከቧንቧው ጋር አብሮ የሚነሳው ሌላ ጉዳይ ወደ ኋላ የሚመለስ ውሃ ነው። በመንገዱ ላይ ያለው የከተማ ውሃ ግፊት በድንገት ቢወርድ በጎማው ውስጥ ያለው ሳሙናና ኬሚካል ተመልሶ ወደሚጠጣው ውሃ ሊሳብ ይችላል። ይህን የሚከለክል አነስተኛ የመመለሻ መከላከያ ቫልቭ ከቧንቧው ጋር መታሰር አለበት፤ በብዙ ቦታ ደንቡም ያስገድዳል።

ሰርፌስ ክሊነር የሚባለው ዕቃ ለምን አስፈለገ?

ሰፊ ወለል በመርጫ ዘንግ ብቻ ያጠበ ሰው ሥራው ገና እርጥብ እያለ በጣም ይደሰታል። ኮንክሪቱ ሲደርቅ ግን ዘንጉ ወዲያና ወዲህ የተመላለሰበት መንገድ ሁሉ ነጣ ያለና ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ እጁ ትንሽ ዝቅ ያለችበት ቦታ ነጥቷል፣ ከፍ ያለችበት ደብዝዟል። ፀሐይ ዘንበል ስትል ከመንገዱ ማዶ ይታያል። አንዳንዱ መስመር በሌላ እጥበት ይስተካከላል፤ ዘንጉ በጣም ቀርቦ የሲሚንቶውን ፊት የላጠበት መስመር ግን አይመለስም።

ሰርፌስ ክሊነር ይህንን የሚያስቀር ክብ መሣሪያ ነው። በክዳኑ ሥር በሁለት ጫፎቹ ኖዝል ያለው አግዳሚ ዘንግ አለ፤ የሚወጣው ውሃ ራሱ ዘንጉን ያሽከረክረዋል፣ ክዳኑም ኖዝሎቹን ከወለሉ እኩል ርቀት ላይ ይይዛቸዋል። ሠራተኛው የሣር ማጨጃ እንደሚገፋ ሰው ቀስ ብሎ ይገፋዋል። የፍጥነቱ ልዩነት በስሌትም ይታያል፦ ባለ 25 ዲግሪ ኖዝል ከወለሉ 10 ኢንች ርቆ ሲያዝ የሚሸፍነው ወርድ 4.5 ኢንች አይሞላም፤ ባለ 20 ኢንች ሰርፌስ ክሊነር በአንድ ጉዞ ከአራት እጥፍ በላይ ይሸፍናል።

ይሁን እንጂ ትልቁን መግዛት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። መሣሪያው የሚሽከረከረውም የሚያጥበውም በውሃው ስለሆነ ስፋቱ ከማሽኑ የፍሰት መጠን ጋር መመጣጠን አለበት። የተለመደው መለኪያ ለእያንዳንዱ ጋሎን በደቂቃ ከ4 እስከ 5 ኢንች ነው፤ ስለዚህ ለ4 ጋሎን ማሽን ከ16 እስከ 20 ኢንች፣ ለ2.5 ጋሎን ማሽን ከ10 እስከ 12 ኢንች ይስማማል። ከዚያም ኖዝሎቹ አሉ። ሁለቱ ኖዝሎች ውሃውን ስለሚካፈሉ የቁጥራቸው ድምር ከማሽኑ ጋር መግጠም አለበት፤ ለ4 ጋሎን ማሽን ሁለት ቁጥር 2 ኖዝሎች ማለት ነው። እነዚሁ ሁለት ኖዝሎች በ2.5 ጋሎን ማሽን ላይ ቢታሰሩ ግን ግፊቱ ወደ 1,560 ፒኤስአይ ይወርዳል፣ መሣሪያውም በወለሉ ላይ እየዞረ ቀለበት ቀለበት የሆነ ምልክት ይተዋል። ገዢው «ዕቃው አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል፤ ዕቃው ደኅና ነው፣ ያልገጠመው ቁጥሩ ነው።

ቀድሞ ንጹሕ ሲያጥብ የነበረ ሰርፌስ ክሊነር በድንገት ክብ መስመር መተው ከጀመረ በቅድሚያ መታየት ያለበት ከሁለቱ ኖዝሎች አንዱ በአሸዋ ተደፍኖ እንደሆነ ነው። በማሽኑ መግቢያ ላይ ያለችው የውሃ ማጣሪያ ወንፊት በየሥራው ማግስት ብትጸዳ ይህ ችግር በአብዛኛው አይመጣም።

ሁሉም ወለል አንድ ዓይነት ግፊት ይችላል?

አይችልም። በደንብ የጠነከረ ኮንክሪት በሰርፌስ ክሊነር ሥር 3,000 ፒኤስአይ ገደማ ያለ ችግር ይቀበላል። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪት ግን ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው መነካት የለበትም፤ ወራት ቢታገሠው ይመረጣል። ፊቱ አሮጌ ሆኖ ጠጠሩ ብቅ ብቅ ያለበትን፣ ወይም በብርዱ ወራት በተነሰነሰ ጨው የተፈረፈረውን ኮንክሪት ማጠብ ከመጀመር በፊት ለባለቤቱ አሳይቶ ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጉዳቱ በአጣቢው ይመካኛል።

በጡብ ወይም በተገጣጠመ ድንጋይ የተነጠፈ ፓቲዮ ሌላ ጠባይ አለው። የአዲስ አበባ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ያየ ሰው እንደሚያውቀው ድንጋዮቹን አጥብቆ የያዛቸው በመካከላቸው የተሞላው አሸዋ ነው። ኃይለኛ ውሃ ያንን አሸዋ ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ የፓቲዮ ዋጋ ሲነገር አሸዋውን መልሶ የመሙላት ሥራ አብሮ መታሰብ አለበት፤ ለዚህም እርጥብ ሲሆን የሚጠነክረው ፖሊመሪክ የሚባለው አሸዋ በስፋት ይገኛል፣ የሚሞላውም ንጣፉ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። አስፋልት ለስላሳ ማያያዣ ያለው በመሆኑ በዝቅተኛ ግፊትና በሰፊ ማዕዘን ብቻ ይታጠባል። የእንጨት በረንዳ ደግሞ በዚህ ማሽን የኮንክሪት ግፊት ከተነካ እንጨቱ ጸጉር ያወጣል፤ ያ ሌላ ሙያ ነው ብሎ መተው ይሻላል።

ውሃ ብቻውን አያጸዳም? ኬሚካል ለምን ያስፈልጋል?

በኮንክሪት ላይ የሚታየው ጥቁረት አብዛኛው አቧራ ሳይሆን ሕይወት ያለው ነገር፣ አልጌና ሻጋታ ነው። ውሃ ከላይ ያለውን ይልጠዋል፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ባለሙያዎች ከእጥበቱ በፊት በረኪና በውሃ በጥብጠው ይረጩና ሳይደርቅ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቀው ያጥባሉ። የመደብር በረኪና ጥንካሬው ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7.5 በመቶ ሲሆን ለባለሙያ የሚሸጠው ከ10 እስከ 12.5 በመቶ ይደርሳል። 12.5 በመቶ የሆነው አንድ እጅ ከአራት እጅ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 2.5 በመቶ ይሆናል፤ ለወለል ይህ በቂ ነው።

በረኪናው በፓምፑ ውስጥ ማለፍ የለበትም፤ ጎሚኒውንም ብረቱንም ይበላዋል። የሚረጨው በትከሻ በሚታዘል የእጅ መርጫ ወይም ከፓምፑ በኋላ በሚገጠም፣ ጥቁሩ ኖዝል ሲታሰር ብቻ ኬሚካል በሚስብ ኢንጀክተር ነው። በአካባቢው ያለው ተክል ከመርጨቱ በፊትም በኋላም በንጹሕ ውሃ መራስ አለበት።

የቀረው እድፍ የተለየ መድኃኒት አለው። የሞተር ዘይት በአልካላይን ቅባት ፈቺ ይላላል እንጂ በበረኪና አይለቅም፤ ዓመታት የቆየ ዘይት ደግሞ ጥላው እንደሚቀር ለደንበኛው አስቀድሞ መንገር ብልህነት ነው። የዝገት ቀለም በኦክሳሊክ አሲድ ይወጣል። እዚህ ላይ ለድርድር የማይቀርብ ነገር አለ፦ በረኪና ከአሲድም ሆነ ከአሞኒያ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥም፣ በአንድ ወለል ላይም መገናኘት የለበትም፤ የሚፈጠረው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፣ ይገድላልም።

ታጥቦ የሚወርደው ውሃ የት ይሄዳል?

በደቂቃ 4 ጋሎን የሚያወጣ ማሽን በሰዓት 240 ጋሎን፣ ማለትም ከ900 ሊትር በላይ ያፈሳል። ይህ ውሃ በመንገዱ ዳር ወዳለው የዝናብ ውሃ መውረጃ ከገባ በአብዛኛው ቦታ ሳይጣራ በቀጥታ ወደ ጅረትና ወንዝ ይወርዳል፤ በዚህ አካባቢ ወደ ፖቶማክና ወደ አናኮስቲያ፣ ከዚያም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ማለት ነው። በ1972 የወጣው የአገሪቱ የንጹሕ ውሃ ሕግና እሱን ተከትለው የወጡት የካውንቲ ደንቦች የተበከለ ውሃ ወደዚያ መልቀቅን ይከለክላሉ። ክሎሪን ለዓሣ መርዝ መሆኑን ማወቅ ብቻ ምክንያቱን ለመረዳት ይበቃል።

ለመኖሪያ ቤት ሥራ መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ የመውረጃውን አፍ በጎማ ምንጣፍ መሸፈን፣ ውሃውን ወደ ሣሩ እንዲሄድ ማዞር፣ የተጠራቀመውን ጭቃ በአካፋ ማንሳት። ስለዚህ ምንጣፉና ውሃ የሚገድበው ከረጢት ከማሽኑ ጋር አብረው የሚገዙ ዕቃዎች ናቸው። የካውንቲው የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ስልክ ሲደወልለት ደንቡን በግልጽ ይናገራል፤ የፈቃድና የኢንሹራንስ ጉዳይ ደግሞ በየግዛቱ ስለሚለያይ ሥራው በሚሠራበት ግዛት መጠየቅ አለበት። የግል መኪና ኢንሹራንስ ለንግድ ሥራ የተጫነን ዕቃ ብዙውን ጊዜ እንደማይሸፍን ግን ከወዲሁ ማወቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ ውሃ ነው፤ ምን ያስፈራል?

አዲስ አበባ ላቫጆ ውስጥ በሸበጥ ቆመው መኪና የሚያጥቡ ልጆችን ለምዶ ያደገ ሰው የማሽኑን አደጋ አቅልሎ ያየዋል። የ3,000 ፒኤስአይ ውሃ ከቅርብ ሲመታ ቆዳን በስቶ ይገባል፣ ከውኃውም ጋር ቆሻሻና ኬሚካል ወደ ሥጋው ያስገባል። ቁስሉ ከላይ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በውስጥ ግን ሥጋውን እያበላሸ ሊሄድ ስለሚችል ሕመሙ ቢቀልም ያኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የተሸፈነ ጫማ፣ የዓይን መከላከያና የጆሮ መከላከያ የመሣሪያው አካል ናቸው፤ በጀቱ ሲወጣ አብረው ይጻፉ።

ሁለተኛው አደጋ የማይታየው ነው። የቤንዚን ሞተር የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ በደቂቃዎች ውስጥም ሰው ይገድላል። ጋራዡ በሩ ክፍት ቢሆንም ማሽኑ በውስጡ መነሳት የለበትም፤ ዝናብ ቢመጣ እንኳ ሥራው ይቆማል እንጂ ማሽኑ ወደ ውስጥ አይገባም።

ከማሽኑ ሌላ ገንዘቡ በምን ላይ ይውላል?

በጎማ ላይ። የሦስት ስምንተኛ ኢንች ውፍረት ያለው፣ 4,000 ፒኤስአይ የሚችል ጎማ፣ አንድ ባለ 100 ጫማና አንድ መጠባበቂያ ባለ 50 ጫማ ለአብዛኛው ቤት ይበቃሉ። ጥቁር ጎማ ነጭ ኮንክሪት ላይ ሲጎተት ምልክት ስለሚተው ግራጫው ይመረጣል። ፈጣን ማያያዣዎች፣ አንድ ከረጢት ጎሚኒና ተጨማሪ ኖዝሎች በሥራ መሃል ወደ ሱቅ ከመሮጥ ያድናሉ።

የማሽኑ ክብደት ከ100 ፓውንድ በላይ ስለሆነ መወጣጫ ወይም ተጎታች ጋሪ ያስፈልጋል። ማሽኑንና የቤንዚን ጄሪካኑን ሰው በሚቀመጥበት ዝግ መኪና ውስጥ ጭኖ መሄድ ግን ፈጽሞ አይመከርም።

ስለ ሙቅ ውሃ ማሽን የሚጠይቁ አሉ። የምግብ ቤት ጓሮና የቆሻሻ ገንዳ ሥር ያለውን ስብ ለማጠብ ተወዳዳሪ የለውም፤ ዋጋው ግን የቀዝቃዛው ብዙ እጥፍ ሲሆን ለመኖሪያ ቤት አልጌ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ለጊዜው ይቆይ።

ያገለገለ ማሽን መግዛት ይቻላል?

ይቻላል፤ ትሪፕሌክስ ፓምፕ ያለው ጥሩ ያገለገለ ማሽን ከአዲስ ርካሽ ማሽን ይሻላል። ነገር ግን ውሃ ሳይገጠምለት «ሞተሩ ይነሳል» ተብሎ ብቻ የሚሸጥ ማሽን መገዛት የለበትም። ውሃ ተገጥሞለት ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይሥራ፤ የግፊት መለኪያ ጌጅ ይታሰርበትና መርፌው ጸንቶ መቆሙ ይታይ። ከዚያ ማስፈንጠሪያው ይለቀቅ፦ አንሎደር የሚባለው ቫልቭ ውሃውን ወደ ፓምፑ መልሶ ማዞር፣ ሞተሩም ሳይንገዳገድ መቀጠል አለበት። በዚህ ሁኔታ ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ በላይ ማቆየት ግን አይገባም፤ እዚያው የሚዞረው ውሃ ስለሚግል የፓምፑን ጎሚኒ ያቃጥላል። ይህ ማሽኑ የራስ ከሆነም በኋላ፣ ከደንበኛ ጋር ቆሞ በማውራት መካከል የሚረሳ ነገር ነው።

በመጨረሻ የፓምፑ ዘይት በመስታወቷ በኩል ይታይ። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ከጎሚኒው አልፎ ገብቷል። ሻጩ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ይጠየቅ፤ የጂኤክስ390 ሞተር ዘይት መጀመሪያ በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ፣ የካት ፓምፕ ዘይት ደግሞ መጀመሪያ በ50 ሰዓት፣ ከዚያ በየ500 ሰዓቱ ይቀየራል። ማሽኑ ያለፉትን የብርድ ወራት የት እንዳደረም ይጠየቅ። ውሃ ሲቀዘቅዝና በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ሳይጨመርበት ማሞቂያ በሌለው መጋዘን የከረመ ፓምፕ ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል፤ ስንጥቁም የሚታወቀው ግፊት ሲሰጠው ብቻ ነው።